ደግ ውልና ክፉ ኑሮ፤ የብራሴሮዎች ታሪክ

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ሁለታችን ወደ ሰፈራችን በተመለስን ጊዜ፥ ከልጅነታችን ጀምሮ እትዬ እያልን የምንጠራቸው ጎረቤታችን አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዘው መጡ። «ልጆቼ፥ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ ይህን አንብቡልኝ» አሉን። ወረቀቱ ልጃቸው ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር የምትሄድበት የሁለት ዓመት ውል ነበር። ከአርእስቱ እስከ ማኅተሙ አነበብነው። ደመወዙ በቍጥር ተጽፏል፤ የዕረፍት ቀን አለ፤ ምግቡና መኝታው፥ የመሄጃውና የመመለሻው የአውሮፕላን ዋጋም በአሠሪው ላይ ነው። «እትዬ፥ ደግ ውል ነው» አልናቸው። እሳቸውም መርቀውን ሄዱ። ልጅቱም ሄደች።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተመለስን በኋላ፥ ለታሪክ ትምህርት በተሰጠን የቤት ሥራ ምክንያት በሰሜን አሜሪካ እርሻዎች ላይ ስለ ሠሩት የሜክሲኮ ሰዎች ማንበብ ጀመርን። ያነበብነውም ነገር ለእትዬ የሰጠናቸውን መልስ እንደገና እንድንመረምር አስገደደን። ምክንያቱም እነዚያ ሠራተኞችም ደግ ውል ነበራቸው። እንዲያውም ሁለት መንግሥታት የተፈራረሙበት፥ ደመወዙንና ቤቱን፥ መጓጓዣውንና መድኅኑን ዘርዝሮ የያዘ ውል ነበራቸው። ሆኖም ታሪካቸው ሲነበብ የሚያሳዝን ነው።

በአገራችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። አባባሉ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን በጽሑፍ ያለውን የሚያስፈጽመው ማን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አንድ ጥያቄ በአንድ የታወቀ ታሪክ ላይ መመርመር ነው። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።)

1. ነገሩ እንዴት ተጀመረ

ለተወሰነ ጊዜ ከሌላ አገር ሠራተኛ አስመጥቶ፥ ሥራው ሲያልቅ መልሶ ወደ አገሩ መስደድ አዲስ ነገር አይደለም። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1833 በግዛቶቹ ውስጥ የባርነት ሥርዓት እንዲቀር ሕግ ባወጣ ማግሥት፥ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤቶች ውል የፈረሙ ሠራተኞችን ከህንድ ወደ ሞሪሺየስ፥ ቀጥሎም ወደ ካሪብያን ደሴቶች ማስመጣት ጀመሩ። ይህም ሥርዓት እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ቆየ። ባሪያው ነጻ ሲወጣ በእርሻው ላይ የጎደለው ክንድ በውል ሠራተኛ ተተካ ማለት ነው።

የእኛ ታሪክ ግን የሚጀምረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። አሜሪካ በታኅሣሥ 1941 ወደ ጦርነቱ ስትገባ ወጣቱ ወደ ጦር ሠራዊትና ወደ መሣሪያ ፋብሪካ ሄደ። የካሊፎርኒያ ባለ እርሻዎች «አዝመራችን በማሳ ላይ ሊበሰብስ ነው» እያሉ ወደ መንግሥታቸው ጮኹ። ከዚህም የተነሣ የአሜሪካና የሜክሲኮ መንግሥታት ነሐሴ 4 ቀን 1942 ስምምነት አደረጉ። በመስከረም ወርም የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ስቶክተን ወደምትባለው የካሊፎርኒያ ከተማ ደረሱ።

እነዚህ ሰዎች «ብራሴሮ» ተባሉ። ቃሉ በስፓኝ ቋንቋ ክንድ ከሚለው የመጣ ሲሆን በክንዱ የሚሠራ ማለት ነው። ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ሚስትና ልጅ ይዞ መምጣት አልተፈቀደም፤ የሚፈለገው ክንዱ እንጂ ቤተ ሰቡ አልነበረምና።

ጦርነቱ በ1945 አለቀ። ለባቡር ሐዲድ ሥራ የመጡት ብራሴሮዎች በዚያው ጊዜ ሲመለሱ፥ የእርሻዎቹ ግን አልቀሩም። «ለጦርነቱ ጊዜ ብቻ» ተብሎ የተጀመረው ነገር እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን 1964 ድረስ፥ ማለት ለ22 ዓመታት ቆየ። በዚህም ጊዜ ውስጥ 4.6 ሚሊዮን ያህል ውሎች ተፈረሙ። አንድ ሰው ደጋግሞ ስለሚፈርም የሰዎቹ ቍጥር ከዚህ ያነሰ ነው። ሥራው በደመቀበት በ1956 ዓመት ብቻ ወደ 445,000 የሚሆኑ ሠራተኞች ድንበሩን በውል ተሻግረዋል። ከዚህ ልንማር የሚገባን የመጀመሪያው ነገር፥ ጊዜያዊ የሚባለው ሠራተኛው እንጂ የሠራተኛው ፍላጎት አለመሆኑን ነው። ማሳው በየዓመቱ ክንድ ይፈልጋል፤ ክንዱ ግን በየዓመቱ እንግዳ ሆኖ ይመጣል።

2. ውሉ ምን ይል ነበር

በ1942 የተደረገው ስምምነት ሲነበብ ደስ ያሰኛል። ሠራተኛው የሚከፈለው በአካባቢው ለዚያው ሥራ የሚከፈለውን ያህል ነው፤ ከሰዓት 30 የአሜሪካ ሳንቲም በታችም አይከፈለውም። ከውሉ ዘመን ከመቶ 75ቱን የሥራ ቀን እንደሚያገኝ ዋስትና አለው። የመሄጃውና የመመለሻው መጓጓዣ ይከፈልለታል። ንጹሕ መኖሪያ ይሰጠዋል። በዘሩ ምክንያት አድልዎ አይደረግበትም። ወደ አሜሪካ ጦር አይመለመልም። የአገሩን ተወላጅ ሠራተኛ ለማፈናቀል ወይም ደመወዙን ለማውረድ አይውልም።

እዚህ ላይ አንባቢን የምናስታውሰው አንድ ነገር አለ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ተወላጅ የሆነ የእርሻ የቀን ሠራተኛ እንደዚህ ያለ ዋስትና አልነበረውም። በ1930ዎቹ የወጡት የሠራተኛ ሕጎች የእርሻ ሠራተኛን ከጥበቃቸው ውጭ አድርገውት ነበርና። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሲታይ ከባለ አገሩ ይልቅ እንግዳው የተሻለ መብት ነበረው። በወረቀትና በማሳ መካከል ግን ብዙ መንገድ አለ።

3. ወደ ማሳው የሚወስደው መንገድ

ውሉን ለመፈረም በመጀመሪያ መመረጥ ያስፈልጋል። የመመልመያ ጣቢያዎች በሜክሲኮ ሲቲ፥ በኢራፑዋቶ፥ በሞንቴሬይ፥ በቺዋዋ፥ በኢምፓልሜና በሌሎችም ከተሞች ተከፍተው ነበር። ዕድሉ ጥቂት፥ ፈላጊው ብዙ ስለ ሆነ ገበሬዎች በሬያቸውን ሸጠው ወይም ከአራጣ አበዳሪ ተበድረው መጥተው በጣቢያው በር ላይ ለቀናት፥ አንዳንዴም ለሳምንታት ያድሩ ነበር። ስማቸው በዝርዝሩ ላይ እንዲገባ ከሰፈራቸው ሹም አንሥቶ እስከ ጣቢያው ጸሐፊ ድረስ መማለጃ ይከፍላሉ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት የሚሠራው በአንድ አገር ብቻ አይደለም። እንግዲህ ውሉ «መጓጓዣው ነጻ ነው» ቢልም፥ ገበሬው ገና ድንበሩን ሳይሻገር ባለ ዕዳ ሆኗል ማለት ነው። ይህን ዕዳ አንባቢ በልቡ ያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በጣቢያው ውስጥ መዳፉ ይታያል። መዳፉ ያልሻከረ ሰው ሥራ አያውቅም ተብሎ ይመለሳል። ቀጥሎም በድንበሩ ላይ ባሉት መቀበያ ጣቢያዎች ልብሱን አውልቆ ይመረመራል፤ ዲ.ዲ.ቲ. የሚባለው የተባይ መድኃኒት ዱቄት በፊቱና በገላው ላይ ይነፋበታል። ሌናርድ ናዴል የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በ1956 ይህን ሁሉ በሥዕል አስቀርቶታል። ከሥዕሎቹ አንዱ ጭምብል ያጠለቀ ሠራተኛ በተሰለፉ ሰዎች ፊት ላይ ዱቄት ሲነፋ ያሳያል። ከዚያ በኋላ የባለ እርሻዎች ማኅበር ወኪሎች መጥተው የሚፈልጉትን ያህል ሰው ይወስዳሉ። ሠራተኛው የት አገር፥ ለማን፥ ምን ዓይነት አዝመራ እንደሚሰበስብ ለመምረጥ ያለው ዕድል በጣም ጥቂት ነበር።

4. በማሳው ላይ

የካሊፎርኒያ ሰላጣና የስኳር ተክል የሚኮተኮተው እጀታው ከክንድ በሚያጥር መኮትኮቻ ነበር። ሠራተኞቹ «ኤል ኮርቲቶ» ይሉታል፤ አጭሩ ማለት ነው። በዚህ መሣሪያ ለመሥራት ወገብን አጥፎ ቀኑን ሙሉ መዋል ግድ ነው። ባለ እርሻዎቹ ረጅም እጀታ ተክሉን ያበላሻል ይሉ ነበር። ሌላው ጥቅሙ ግን ግልጽ ነው፤ ቀና ያለ ሰው ሁሉ እያረፈ መሆኑን ካቦው ከሩቅ ያያል። ይህ መኮትኮቻ በካሊፎርኒያ የተከለከለው በ1975፥ ብራሴሮዎቹ ከሄዱ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በወጣትነታቸው የያዙት ሰዎች በሽምግልናቸው የሚያነሡት የወገብ ሕመም ከዚያ የመጣ ነው።

ደመወዙስ? ለምግብ በቀን እስከ 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ይቈረጣል፤ ለመድኅንም ይቈረጣል። በቁና ወይም በሣጥን ልክ በሚከፈልበት ሥራ ደግሞ የሣጥኑን ቍጥር የሚጽፈው የአሠሪው ሰው ነው። መኖሪያው በአንዳንድ ስፍራ ደኅና ሲሆን በብዙ ስፍራ የቀድሞ የእህል ጎተራ፥ የከብት በረት ወይም ድንኳን ነበር።

ከሁሉ የረቀቀው ነገር ግን «በአካባቢው የሚከፈለው ደመወዝ» የሚለው ቃል ነው። ይህን ደመወዝ ማን ይወስነዋል? ሕጉ የመንግሥት ባለ ሥልጣን ነው ይላል። በተግባር ግን ባለ እርሻዎቹ ከአዝመራው በፊት ተሰብስበው «ዘንድሮ ይህን ያህል እንከፍላለን» ይላሉ። በዚያ ዋጋ የአገሩ ሠራተኛ አልመጣም ሲል «የሠራተኛ እጥረት አለ» ተብሎ ይመዘገባል፤ እጥረት አለ ስለ ተባለም ብራሴሮ ይታዘዛል። ብራሴሮው በመጣ ጊዜ ያው ባለ እርሻዎቹ የወሰኑት ዋጋ «በአካባቢው የሚከፈለው ደመወዝ» ሆኖ ይጠብቀዋል። በዚህ መንገድ ለሠራተኛው ጋሻ እንዲሆን የተጻፈው አንቀጽ ደመወዙን ወደ ታች የሚይዝ ገመድ ሆነ።

አቤት ቢልስ? በውሉ ላይ አቤት የማለት መብት ተጽፏል። ተቈጣጣሪዎቹ ግን ከእርሻዎቹ ብዛት ጋር ሲመዛዘኑ እጅግ ጥቂት ነበሩ። ብዙው ሠራተኛ እንግሊዝኛ አይሰማም፤ ማንበብ የማይችልም ብዙ ነበር። ከዚህም የበለጠው መሰናክል ሌላ ነው። ብራሴሮው በአሜሪካ ለመኖር የተፈቀደለት በውሉ ላይ ለተጻፈው አሠሪ ወይም ማኅበር እስከ ሠራ ድረስ ብቻ ነበር። ጎረቤት ያለው ባለ እርሻ የተሻለ ቢከፍል ወደዚያ ሊሄድ አይችልም። ከሄደ ሕገ ወጥ ይሆናል። ካቦው «ሥራህን አልወደድኩትም» ካለው ወደ ሜክሲኮ በሚመለሰው አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ለሚቀጥለውም ዓመት ስሙ በጥቁር መዝገብ ይያዝበታል። ቀደም ሲል ያነሣነው ዕዳ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። የተበደረው ገንዘብ ገና ሳይከፈል ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው መሬቱን ወይም ቀሪውን በሬ ያጣል። ስለዚህ ዝም ይላል። ዝም ያለውም በደሉ ስላልተሰማው አይደለም።

5. ሁለቱ መንግሥታት

«የሜክሲኮ መንግሥት ለዜጎቹ አልተከራከረምን?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ተከራክሯል፤ አንዳንድ ጊዜም ተሳክቶለታል። የቴክሳስ ክፍለ ሀገር ሜክሲኮውያንን ከምግብ ቤትና ከትምህርት ቤት እየለየ ስለሚያዋርድ፥ የሜክሲኮ መንግሥት ከ1943 ጀምሮ እስከ 1947 ድረስ ወደዚያ ብራሴሮ አልልክም አለ። የቴክሳስ ሹማምንትም አድልዎን የሚያወግዝ ውሳኔ ለማውጣትና ጉዳዩን የሚመለከት ኮሚሲዮን ለማቋቋም ተገደዱ።

ይሁን እንጂ ይህ ኃይል ብዙ አልቆየም። በጥቅምት 1948 በኤል ፓሶ ድንበር ላይ ስለ ጥጥ ለቀማ ዋጋ ክርክር ተነሣ። የሜክሲኮ መንግሥት ዋጋው ካልተሻሻለ ሠራተኛ አላሳልፍም ሲል፥ የአሜሪካ የድንበር ሹማምንት በሩን ከፍተው በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሥራ ፈላጊዎችን ያለ ውል አስገቡ። ባለ እርሻዎቹም በካሚዮን እየጫኑ ወሰዷቸው። ሜክሲኮ ስምምነቱን ሰረዘች፤ የአሜሪካ መንግሥትም ኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ጥጡ ግን ተለቅሞ ነበር።

የኮርያ ጦርነት ከተጀመረ በኋላ፥ በ1951፥ ሥራው በቍጥር 78 ሕግ እንደገና ተደራጀ። በጥር 1954 ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት ሳይስማሙ ሲቀሩ አሜሪካ ብቻዋን መመልመል ጀመረች። የሜክሲኮ ወታደሮች የገዛ ወገናቸውን ከድንበሩ ለመመለስ ሲታገሉ፥ በወዲያ በኩል ያሉት ደግሞ ያስገቡ ነበር። በዚያው ዓመት በሰኔ የአሜሪካ መንግሥት ያለ ውል የገቡትን የሚያባርርበት ታላቅ ዘመቻ ከፈተ። እንግዲህ በአንድ እጅ እያባረረ በሌላው እጅ ብራሴሮ ያስገባ ነበር ማለት ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይማ ያለ ውል ተይዘው ወደ ድንበር የተወሰዱ ሰዎች እዚያው ውል ተሰጥቷቸው ወደ ነበሩበት እርሻ የተመለሱበት ጊዜ ነበር። ከዚህ የምንረዳው፥ የላኪው አገር ድህነት በበረታ ቍጥር ለልጆቹ የሚከራከርበት ድምፅ የሚቀንስ መሆኑን ነው። በር ላይ መቶ ሺህ ሥራ ፈላጊ ቆሞ ሳለ «አልልክም» የሚለው ቃል ኃይል ያጣል።

6. የቀረው ገንዘብና የጠፋው ስም

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከብራሴሮው ደመወዝ ከመቶ አሥር ይቈረጥ ነበር። ገንዘቡ በአሜሪካ ባንክ በኩል ወደ ሜክሲኮ ባንክ ተልኮ፥ ሠራተኛው ሲመለስ የእርሻ መሣሪያ ይገዛበት ዘንድ የታሰበ ነበር። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን አያሌ ሠራተኞች ገንዘቡን ሳያዩት ቀሩ፤ ሌሎቹም መቈረጡን ጭራሽ አያውቁም ነበር። በ2001 ሽማግሌዎቹ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። የሜክሲኮ ምክር ቤት በ2005 ለእያንዳንዱ 38,000 ፔሶ የሚከፈልበት ገንዘብ አቋቋመ፤ በአሜሪካ ለሚኖሩትም በ2008 ስምምነት ተደረገ። ለመቀበል ግን የ1940ዎቹን ውል ወይም የክፍያ ወረቀት ማሳየት ያስፈልግ ነበር። ስድሳ ዓመት ሙሉ ወረቀቱን በሣጥን ያኖረ አገኘ፤ ያላኖረው ቀረ። በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያልነው እዚህ ላይ እውነት ሆነ፤ ዳሩ ግን ስንቱ ሳይወርስ ሞተ!

ሞትን ካነሣን ሁለት አደጋዎችን ሳንጠቅስ አናልፍም። ጥር 28 ቀን 1948 ሠራተኞችን ወደ ሜክሲኮ ይመልስ የነበረ አውሮፕላን በካሊፎርኒያ ሎስ ጋቶስ በሚባል ሸለቆ ተከሰከሰ። የሞቱት 32 ሲሆኑ ከእነርሱ 28ቱ ሜክሲኮውያን ነበሩ፤ ከመካከላቸውም ውላቸው ያለቀ ብራሴሮዎች ነበሩባቸው። ብዙ ጋዜጦች የአራቱን አሜሪካውያን ስም ሲያወጡ 28ቱን «የሚባረሩ ሰዎች» ብለው አለፏቸው። ፍሬዝኖ በሚባል ከተማ በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። ስማቸው በድንጋይ ላይ ተቀርጾ በመቃብሩ የቆመው በ2013፥ ከ65 ዓመት በኋላ ነው።

ሁለተኛው መስከረም 17 ቀን 1963 ቹዋላር በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ የሆነው ነው። ሰው ለመጫን የተለወጠ የጭነት መኪና ብራሴሮዎችን ከሥራ ሲመልስ የባቡር ሐዲድ በሚያቋርጥበት ስፍራ ባቡር መታው፤ 32 ሰዎችም ሞቱ። ውሉ «መጓጓዣ ይሰጠዋል» ይል ነበር። ምን ዓይነት መጓጓዣ እንደ ሆነ ግን በዚያን ቀን ታየ።

7. ፍጻሜውና ከፍጻሜው በኋላ

ይህን ሥርዓት ለሕዝብ ካጋለጡት ሰዎች ዋነኛው ኤርኔስቶ ጋላርሳ ነው። በሜክሲኮ ናያሪት በሚባለው ክፍለ ሀገር በሚገኝ የተራራ መንደር በ1905 ተወለደ፤ በልጅነቱ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ካሊፎርኒያ ተሰድዶ በእርሻ ሠራ፤ በኋላም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። ይህን ሁሉ ትምህርት ይዞ ወደ እርሻ ሠራተኞች ማኅበር ተመለሰ። በ1947 አርቪን በሚባል ስፍራ በአንድ ትልቅ እርሻ ላይ የሥራ ማቆም አድማ ሲነሣ፥ ብራሴሮዎቹም በመጀመሪያ ከአድማው ጋር ተባብረው ነበር። ወዲያው ግን በባለ ሥልጣናት ግፊት ወደ ሥራ ተመለሱ፤ አድማውም በኋላ ተሸነፈ። ጋላርሳ ከዚህ የተማረው የብራሴሮውን ጠላትነት አልነበረም፤ ሠራተኛን ከሠራተኛ የሚያጋጨው የውሉ አሠራር መሆኑን ነው እንጂ። ስለዚህ ከካምፕ ወደ ካምፕ እየዞረ ሰዎቹን አነጋገረ፤ የደመወዝ ወረቀታቸውን ከውላቸው ጋር እያስተያየ መዘገበ። በ1956 ያወጣው «እንግዶች በእርሻዎቻችን» የተባለው ጥራዝ ብዙ አንባቢ አገኘ። ለእኛ ለተማሪዎች ትልቅ ምሳሌ የሚሆነን ይህ ሰው ይመስለናል። መሣሪያው የክፍያ ወረቀትና እርሳስ ነበር።

የአሜሪካ ምክር ቤት ሕጉን ማደስ ትቶ ሥርዓቱ በ1964 መጨረሻ ቀረ። በሥራ ሚኒስቴር የዚህ ክፍል የመጨረሻ ኃላፊ የነበሩት ሊ ዊልያምስ ራሳቸው፥ የተፈቀደ ባርነት ነበር ብለው መስክረዋል። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም በዴላኖ የፊሊፒን ተወላጆች በላሪ ኢትሊዮንግ መሪነት የወይን ለቀማ አቆሙ፤ ከስምንት ቀን በኋላም በሴሳር ቻቬዝ የሚመራው የሜክሲኮ ተወላጆች ማኅበር ተባበራቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ በ1970 ባለ እርሻዎቹ ውል ፈረሙላቸው። አድማ የሚሰብር ብራሴሮ በድንበሩ ላይ ተሰልፎ ቢጠብቅ ኖሮ ይህ ድል እጅግ በከበደ ነበር።

ነገር ግን እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባናል። ብራሴሮዎቹ ሲቀሩ የአገሩ ሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ ከፍ አላለም። በ2018 የታተመ የሦስት ምሁራን ጥናት እንዳሳየው፥ ባለ እርሻዎቹ ደመወዝ በመጨመር ፈንታ ወደ መኪና ዞሩ። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ለፋብሪካ የሚሆነው ቲማቲም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመኪና የሚለቀም ሆነ። ሌሎቹም ያለ ውል የሚመጣ ሠራተኛ መቀጠር ቀጠሉ። ስለዚህ «በሩን መዝጋት ብቻ መድኃኒት ነው» የሚሉ ሰዎች ከዚህ ታሪክ ማስረጃ አያገኙም።

8. «በፈቃዱ ሄዶ የለምን?»

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በመኝታ ክፍላችን ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንድ ጓደኛችን «ማንም አላስገደዳቸውም፤ በፈቃዳቸው ሄዱ፤ ደጋግመውም ሄዱ፤ በገንዘባቸውም ቤት ሠሩ፥ ከብት ገዙ። ብዝበዛ የምትሉት ምኑን ነው?» አለን። የተናገረው እውነት አለበት። ብዙ ብራሴሮዎች በሽምግልናቸው ያን ጊዜ በኩራት ያስታውሱታል፤ ልጅ ያስተማሩበት ገንዘብ ነውና። እኛም ድካማቸውን አዋርደን፥ እንደ ተታለሉ ሕፃናት ልንቈጥራቸው አንሻም።

መልሳችን ግን ይህ ነው። የአንድ ሰው ነጻነት የሚመዘነው በፈቃዱ በመግባቱ ብቻ አይደለም፤ በፈቃዱ መውጣት በመቻሉ ጭምር ነው እንጂ። ብራሴሮው ክፉ አሠሪ ትቶ ወደ ደግ አሠሪ ለመሄድ ቢችል ኖሮ፥ ያ ውል ያለ ብዙ ተቈጣጣሪ ራሱን ባስከበረ ነበር። ክፉው አሠሪ ሠራተኛ እንዳያጣ ሲል ይሻሻላልና። ይህ አንድ መብት ስላልነበረ ግን ሌሎቹ አንቀጾች ሁሉ፥ ሰላሳው ሳንቲምም፥ ንጹሑ ቤትም፥ ከመቶ ሰባ አምስቱም በአሠሪው ደግነት ላይ ተንጠለጠሉ።

9. ወደ እትዬ ወረቀት ስንመለስ

ካሊፎርኒያ ሩቅ ነው፤ ጊዜውም አልፏል። ነገር ግን በዓረብ አገሮች «ከፋላ» የሚባለው ሥርዓት መሠረቱ ያው ነው። የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ዋስ በሆናት አንድ አሠሪ ላይ ይታሰራል፤ ያለ ፈቃዱ ከወጣች «ጠፋች» ተብላ ትከሰሳለች። በቅርብ ዓመታት አንዳንድ አገሮች ማሻሻያ አድርገዋል። ለምሳሌ ቀጠር በ2020 ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲለውጥ ፈቀደች። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2021 ያወጣችው ማሻሻያ ግን የቤት ሠራተኞችን አላካተተም ነበር።

የእኛም መንግሥት እንደ ሜክሲኮ መንግሥት ብዙ ሞክሯል። በጥቅምት 2013 ለሥራ ወደዚያ መሄድን ከለከለ። በቀጣዩ ወር የሳዑዲ መንግሥት ባካሄደው የማባረር ዘመቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ክልከላው እስከ 2018 ሲቆይ በየበረሃውና በየባሕሩ በሕገ ወጥ ደላላ የሚሄደው አልቆመም። በ2016 የወጣው አዋጅ ቍጥር 923 ሠራተኛ የሚላከው ስምምነት ወደ ተደረገበት አገር ብቻ እንዲሆን ደነገገ። መልካም ነው። በ2020 ግን በሊባኖስ ኑሮ ሲናጋ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን በቤይሩት ቈንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም ሁሉ አይቷል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ጎረቤቶቻችን ወረቀት ይዘው ሲመጡ ምን እንላለን? ደመወዙን ብቻ አንብበን «ደግ ነው» ከማለት በፊት እነዚህን እንጠይቅ ዘንድ ለጓደኞቻችን እናሳስባለን።

አንደኛ፥ ከአሠሪዋ ጋር ባትስማማ ወደ ሌላ አሠሪ መዛወር ትችላለችን?
ሁለተኛ፥ ፓስፖርቷ በማን እጅ ይቀመጣል?
ሦስተኛ፥ በምታነበው ቋንቋ የተጻፈ የውሉ ቅጂ በእጇ አለን? ለቤተ ሰቧስ ቀርቷልን?
አራተኛ፥ ደመወዙ የሚገባው በማን ስም በተከፈተ ሒሳብ ነው?
አምስተኛ፥ አቤት የምትለው ለማን ነው? ጉዳይዋ እስኪታይስ የት ታድራለች?
ስድስተኛ፥ ለመሄድ ስንት ተበደረች? ባዶ እጇን ብትመለስስ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው?

ለገና በዓል ወደ ሰፈራችን በሄድን ጊዜ እትዬን ጠየቅናቸው። «ደኅና ነኝ ትላለች» አሉን። ደመወዟን እንደምትቀበል፥ በወር አንድ ጊዜም እንደምትደውል ነገሩን። ፓስፖርቱስ ብንላቸው «ማዳሟ አስቀምጣላታለች፤ እንዳይጠፋባት ነው» አሉ። ምን እንደምንመልስላቸው አጣን። የውሉን ቅጂ ግን ተቀብለናቸው እያንዳንዱን ገጽ ገልብጠን አስቀርተናል፤ የኤምባሲያችንንም የስልክ ቍጥር በትልቁ ጽፈን ሰጥተናቸዋል። በሚቀጥለው ጥሪዋ ያነቡላታል። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከመሄዷ በፊት ልናደርገው ይገባን ነበር።